ለፈረንጅ ያልሆነ በርበሬ ለልጃችንም አይሆንም



በርበሬያችን ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ እንዲሸጥ መቅላቱና ማቃጠሉ ብቻ አይበቃም። ጤና የማይጎዳ መሆኑ ተመርምሮ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። እዚያ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ከተፈቀደው በላይ መርዝ ከተገኘበት ወደ መጣበት ይመለሳል፤ አለዚያም ይወገዳል።

ይህ መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። የሚፈጥረው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል። ሻጋታውን በዓይን ልናየው እንችላለን፤ መርዙ ግን አይታይም፤ ጣዕምም የለው። በርበሬውን ብንቆላው፣ ወጡንም ብናንተከትከው መርዙ አይጠፋም።

ዓለም ይህን መርዝ ለማወቅ የበቃው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በደረሰ ጥፋት ነው። በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉ፣ ዶሮ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች ከ100,000 በላይ አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ የበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻጋታ ይዞት ነበር። መርዙ የሰውንም ጉበት ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ ሲበሉት የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ልክ አበጀለት። አንድ ግራም ጨው ወስዳችሁ አንድ ሚሊዮን ቦታ ከፈላችሁት እንበል። በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ ከሁሉ የከፋው የአፍላቶክሲን ዓይነት እንዲህ ካለው ቅንጣት ከ5 መብለጥ የለበትም። ዋና ዋናዎቹ አራት ዓይነቶች ሲደመሩ ደግሞ ከ10 መብለጥ የለባቸውም።

ይህን በክፍላችን ስናነብ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እኛ ስንበላው የኖርነውን ፈረንጅ ምን ቤት ነው የሚመልሰው?» አሉ። አንዲት እናትም፣ «እንግዲያስ ደኅናውን ለገበያ፣ የሻገተውን ለወጣችን እናደርጋለና!» ብለው ክፍሉን አሳቁት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የፈረንጅ ጉበትና የእኛ ጉበት አንድ ነው እኮ! እሱን የሚጎዳው የእኛን ልጅ እንዴት ይምራል?

ወረቀቱ የሚጻፈው ከተማ ነው። ሥራው ግን የሚጀመረው ከማሳችንና ከደጃችን ነው። በርበሬውን ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን፣ በሸራ ወይም ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ እናስጣው። ማታ ጤዛ እንዳይመታው እንሸፍነው። ሲነቀንቁት ፍሬው ካልተንኳኳ ገና አልደረቀም። የተበላሸውን እየለቀምን እናውጣ። ጆንያውንም በእንጨት ላይ እናስቀምጠው፤ ግድግዳም አይንካ።

ከሁሉ በላይ፣ እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲደፋ ብለን በደረቅ በርበሬ ላይ ውሃ መርጨቱን እንተው። ነጋዴው የብዙ ቤት በርበሬ ቀላቅሎ ይጭናል። በአንድ ቤት የሻገተ በርበሬ የጎረቤትን ሁሉ ድካም ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

በርበሬያችን አውሮፓ ባይሄድ እንኳ ከእኛው ገበታ ይቀርባል። ስለዚህ የሻገተውን ወጥ ውስጥ አንጨምረው፤ ለዶሮም አንስጠው። ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው።