ወደ ደጀን የሚያወጣው መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ ዓባይን ሳይሻገር ሊደርስ አይቻለውም። ዓባይን ለመሻገርም አስቀድሞ መውረድ፣ ከወረዱም በኋላ እንደ ገና መውጣት ግድ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ነገር ግን መንገዱ ራሱ መምህር መሆኑን ያስተዋልሁት በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ወደ ትውልድ አገሬ በሄድሁ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የሄድሁት ዘመድ ለመጠየቅ ወይም አገር ለማየት አልነበረም፤ የሰው ገንዘብ ለመመለስ ነበር እንጂ። ነገሩን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። አባታችን ባረፈ ጊዜ በደጀን የነበረው ቤቱ ተሸጠ፤ እኔም ከተማ የምኖር፣ ጽሕፈትና ሒሳብ የማውቅ ነኝ ተብዬ ገንዘቡ በእጄ ገባ። እኩሌታው የታላቅ እኅቴ ነበር። እርሷ አባታችንን በደዌው ዘመን ሁሉ ያስታመመች፣ ሌሊት ሲጣራ የምትነሣለት፣ የመጨረሻውንም ውኃ ያጠጣችው ናት። እኔም «የጀመርሁትን ቤት ልጨርስበትና በመጪው ዓመት እልክልሻለሁ» አልኋት። መጪው ዓመት መጣ፤ አለፈም። በሁለተኛው ዓመት ስልክ ስትደውልልኝ አለማንሣት ጀመርሁ። ከዚያም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እኅቴን ራሷን ሸሸሁና ለፋሲካም ለልደትም ወደ ደጀን መሄድ ተውሁ። እንዲህ ሆኜ ሰባት ዓመት ኖርሁ።

በዚህ ዘመን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን አልራቅሁም፤ ጾምም አልገደፍሁም። ወደ ንስሐ አባቴም እቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ከአፌ የሚወጣው «በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ካህኑ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ ሆይ፤ ይህስ የሁላችንም ነው፤ ያንተ የትኛው ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬም በረዘመ ጊዜ ነገሩን ሁሉ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ እንደ ፈራሁት እንዳይቈጡኝ ስግደት እንዲያዝዙልኝ ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን «የእኅትህን ገንዘብ በኪስህ ይዘህ ጉልበትህን ለምን ታደክማለህ? አስቀድመህ ሂድና መልስ፤ ቀኖናውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው አሰናበቱኝ። ጌታችን መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ባሰበ ጊዜ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ማዘዙን ብዙ ጊዜ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ የተነገረ መሆኑን ግን ያን ቀን ሰማሁ።

እንግዲህ ገንዘቡን ከነጭማሪው ቋጥሬ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የሰላሌን ሜዳ አልፈን፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚገነጠለውንም መንገድ በስተቀኝ ትተን፣ ከረፋዱ ላይ ጎሐ ጽዮን ደረስን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓይን በቀጥታ ሲመለከተው ግን ደጀን ያለበት የጎጃም ደጋ ከፊት ለፊት ቅርብ ይመስላል፤ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ይመስላል። በመካከሉ ያለው ገደል ከ1000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ መሆኑ የሚታወቀው ከአፋፉ ቀርበው ወደ ታች ሲመለከቱ ነው። ከእግዚአብሔር የራቀ ሰውም እንዲሁ ነው። «ነገ እመለሳለሁ፤ ቅርብ ነኝ» ይላል፤ ሳይወርድ የሚሻገር ይመስለዋልና።

ቁልቁለቱን በጀመርን ጊዜ የገደሉን ግድግዳ ተመለከትሁ። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከእርሱ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙም ሲቀርቡ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ እንደ ተደረበ ልብስ እርስ በርሱ ተነባብሮ ይታያል። ይህን ሁሉ የሰነጠቀው ውኃ ነው። የዚህም ውኃ ምንጩ በዚሁ በጎጃም፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከኤደን እንደ ወጣ የሚነግረን ግዮን እርሱ ነው ብለው አባቶቻችን ያከብሩታል፤ ምእመናንም ለጠበል ይሄዱበታል። ከዚያ ከምንጩ ላይ የቆመ ሰው ውኃውን በእፍኙ ሊጠጣው ይችላል። ያ በእፍኝ የሚያዝ ውኃ ሳያቋርጥ ሲሄድ፣ ከየወንዙም ሲጨመርበት፣ ዓለቱን ቆርጦ ሸዋንና ጎጃምን ለየ። የእኔም ኃጢአት ምንጩ «በመጪው ዓመት» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። በእፍኝ ሳለች ብገታት ኖሮ በአንድ ቀን ትደርቅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ብለቃት ግን ወንድምና እኅትን የሚለይ ገደል ሆነች።

ሊቃውንቶቻችን ኃጢአት የሚለው ቃል ኀጥአ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ መሆኑን ያስተምራሉ። ኀጥአ ማለትም አንዱ ትርጓሜው አጣ ማለት ነው። ኃጢአትን የሚሠራ ሰው አንዳች ነገር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ያጣ ነው። እኔ የግማሽ ቤት ዋጋ አገኘሁ ብዬ እኅቴን አጥቼ ነበር፤ እኅቴንም ባጣሁ ጊዜ በቅዳሴ መካከል የሚታወጀውን የሰላምታ ቃል ያለ ኀፍረት የምሰማበትን ጆሮ አጣሁ።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ሙቀቱ የደጋውን ሰው ጋቢ ያስወልቃል። ክረምት ስለ ነበረ ዓባይ የአገሩን አፈር ተሸክሞ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እየጮኸ ይወርዳል። በዚያ ሁለት ድልድዮች አሉ። አሮጌው ለስድሳ ዓመት ያህል ያንን ሁሉ ጭነት ሲሸከም ኖሮ ደከመ፤ በአጠገቡም በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ ርዝመቱ 303 ሜትር የሆነው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። በእርሱ ላይ ያለፍነው አንድ ጸሎት ተደርሶ ሳይፈጸም ነው። በልቤም «ያ ሁሉ ፍርሃት ለዚህ ነበርን?» አልሁ። ኑዛዜም እንዲሁ ነው። እውነቱን ለካህኑ የተናገርሁባት ጊዜ እጅግ አጭር ነበረች፤ ሰባት ዓመት የፈራሁትም እርሷን ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ከወንዙ ማዶ ነው እንጂ ገና ደጀን አይደለም። ዳገቱ በፊቱ ነው።

ዳገቱ እንደ እባብ ይጠመዘዛል። አውቶቡሱ ጥቂት ይሄድና ይታጠፋል፤ በታጠፈም ጊዜ ፊታችን እንደ ገና ወደ መጣንበት ወደ ሸዋ ይዞራል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሕፃን ይህን አይቶ «እማዬ፣ ተመለስን እንዴ?» ብሎ እናቱን ጠየቃት። እርሷም «አልተመለስንም ልጄ፤ ወደ ታች ወንዙን እየው» አለችው። ሕፃኑ ወደ ታች ተመለከተ፤ እኔም ከእርሱ ጋር ተመለከትሁ። ወንዙ ቀጥኖ ነበር። ፊታችን ወደ ኋላ ዞሯል፤ እኛ ግን ከፍ ብለናል።

ብዙ ምእመናን ንስሐ ከገቡ በኋላ የቀድሞው አሳብ እንደ ገና ሲመጣባቸው «ንስሐዬ ከንቱ ሆነ፤ ወደ ነበርሁበት ተመለስሁ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ተስፋ መቁረጥ ግን ከቀደመው ኃጢአት የከፋ ነው። የተተወው ኃጢአት በአሳብ ፊት ለፊት መታየቱ መመለስ አይደለም፤ የዳገቱ ጠባይ ነው። ቢወድቁም እንኳ መነሣት አለ። ይህ የዓባይ መንገድ በክረምት መሬቱ እየተንሸራተተ ይሰነጠቃል፤ ይሁን እንጂ ተሰነጠቀ ተብሎ አልተተወም፤ በየጊዜው ይጠገናል እንጂ። ንስሐም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ ሳይሆን እስከ ዕለተ ሞት የሚጠገን መንገድ ነው።

ስንክሳራችን በሰኔ 24 ቀን የሚያስበው ሙሴ ጸሊም ለዚህ ምስክራችን ነው። እርሱ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረ፣ ወገኑ ከኢትዮጵያ የሆነ፣ አስቀድሞ ባሪያ፣ በኋላም የወንበዶች አለቃ የነበረ ሰው ነው። ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ ከመነኰሰ በኋላም የቀድሞው ልማድ ጦርነት አነሣበት፤ በበዓቱ መቀመጥ እስኪሳነው ድረስ ተጨነቀ። ወደ አባ ኤስድሮስም በሄደ ጊዜ ሽማግሌው ወደ ሰገነት አውጥቶ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ እንዲመለከት አዘዘው፤ በዚያም የአጋንንትን ሠራዊት አየ። ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ አስመለከተው፤ በዚያ ደግሞ ቁጥር የሌላቸውን የሚያበሩ መላእክት አየ። ሽማግሌውም ለረድኤት የተላኩት ከሚዋጉን እንደሚበዙ ነገረው። ሙሴም በርትቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ በኋላም የብዙዎች አባት ሆነ።

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ የአገሬ ስም በልቤ ተሰማኝ። ደጀን ማለት በአማርኛችን ከተዋጊው ኋላ የሚቆም፣ የደከመውን የሚረዳ፣ የሸሸው የሚጠጋበት ኃይል ማለት ነው። በዚህ ስም ተወልጄ አድጌ ትርጓሜውን ሳላስብ ኖሬአለሁ። ከኃጢአት የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ ደጀን አለው። የንስሐ አባቱ፣ ቤተ ሰቡ፣ የቅዱሳን ጸሎት፣ የመላእክት ጥበቃ፣ ከሁሉም በላይ የእግዚአብሔር ቸርነት ከኋላው ቆመዋል።

ደጀን ስንደርስ የደጋው ነፋስ ተቀበለን፤ ያወለቅሁትን ጋቢ መልሼ ለበስሁ። በከተማይቱ ዙሪያ ገበሬው የጤፍ ማሳውን ያለሰልስ ነበር። እኔ ግን እግሬ ከበደኝ። ከእኅቴ ደጃፍ ስደርስ በሰፌድ እህል ታበጥር ነበር፤ አየችኝ፤ ሰፌዱን አስቀመጠች፤ አልተነሣችም። እኔም ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቼ፣ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት በትከሻዬ ተሸክሜ ከእግሯ ላይ ወደቅሁና «እታለሜ፤ በድዬሻለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ» አልኋት።

እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ድንጋዩን አውርድ፤ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ግባ» አለችኝ። ገንዘቡን ሰጠኋት፤ ሳትፈታው መደቡ ላይ አኖረችው። ከዚያም «ብሩንስ መጠበቅ ከተውሁ ቆይቻለሁ። አንተን ግን በየፋሲካው ዶሮ ስሠራ ፈረሰኛዋን አስቀምጥልህ ነበር» አለችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ቀጥላም «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ልቤ ግን እንደ አፌ ፈጥኖ አይደርስምና ታገሠኝ» አለች። ይህ ቃል አላስከፋኝም። እኔ ዳገቱን በአውቶቡስ ወጣሁት፤ እርሷ ግን ከሰባት ዓመት ኀዘን በእግሯ ልትወጣ ነበርና ልጠብቃት የተገባ ነው።

ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ቀኖናዬንም ተቀብዬ በፍልሰታ ፈጸምሁ። ተከትሎ በመጣው የልደት በዓል ከልጆቼ ጋር ወደ ደጀን ሄድን። እኅቴ ወጡን ስታወጣ ፈረሰኛዋን አንሥታ፣ አንዳች ሳትናገር፣ ከፊቴ አኖረችልኝ። ልቧ የደረሰ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እናንተ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ኃጢአቴን ለማስታወቅ አይደለም፤ በየቤታችን እንዲህ ያለ በእፍኝ የሚያዝ ምንጭ እንዳይኖር ስለምሰጋ ነው እንጂ። ጾም ሳይገባ በቤታችን ተቀምጠን እንጠያየቅ፤ የማን ገንዘብ በእጃችን አለ? የማንን ስልክ አናነሣም? ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በማታ ጸሎት ጊዜ ይቅር ሳይባባሉ አይተኙ። ልጆቻችንም እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ ይዩን፤ ስንመክራቸው ከሚሰሙት ይልቅ ስናደርገው የሚያዩት ይጸናላቸዋልና። ወደ ንስሐ አባታችንም ስንቀርብ የሁሉን ሰው ኃጢአት ሳይሆን የራሳችንን እንናገር። የቀማነውም ቢኖር ዘኬዎስ ለአንዱ አራት እጥፍ እንደ መለሰ ለመመለስ እንፍጠን።

ቁልቁለቱ ያስፈራል፤ ድልድዩ አጭር ነው፤ ዳገቱም ረጅም ነው። ነገር ግን ከዳገቱ ራስ ላይ ደጀን አለ። ወደዚያ ለመድረስ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን፤ አሜን።