ከአሳው ባሻገር... የዶርዜው የበግ ጎድን!

አርባ ምንጭ ደርሶ የመጣን ሰው ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «አሳ በላህ?»። መቼም የጫሞን አሳ ማን ይጠላል! ግን እስቲ አንድ ቀን ከሲቀላ መነኸሪያ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መኪና ተሳፈሩ። ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀርና ጠመዝማዛው ዳገት፣ ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ ጉሙ ይመጣል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ዶርዜ ትደርሳላችሁ። ጃኬት ያልያዘ ወዮለት! በየመስኩ የሚግጠው ብርድ የለመደ በግ ነው የዛሬው ጉዳያችን።

አንድ ወዳጄ የዶርዜ ልጅ ወደደ። እናቷን ሊተዋወቅ ሲሄድ እኔን አጃቢ አድርጎ ወሰደኝ። ለእንግዳ ክብር በግ ታረደ። ወዳጄም «ጎድኑን የምጠብሰው እኔ ነኝ!» ብሎ ፎከረና ግማሹን በአዋዜና በሎሚ ዘፍዝፎ አሳደረው። በማግስቱ የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤት ውስጥ እሳት ላይ ሲጥደው በርበሬው አረረ፤ ቤቱ በሳል ተናወጠ። ሥጋው ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ደም! እናት ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ እየሳቀች ተረጎመች፤ «ልጄ፣ ይሄ በግ ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምትቀጣው?»

ወዳጄ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ!

የቀረውን ግማሽ እሳቸው ሠሩት። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ተማርኩ። እናንተም ሞክሩት።

ሥጋ ቤት ጎድኑን ከነአጥንቱ፣ ጣት ተኩል በሚሆን ውፍረት አስቆርጡ። በንጹህ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው ብቻ ነስንሱበት፤ ከወደዳችሁ የጥብስ ቅጠል ጨምሩ። መጥበሻው በደንብ ይጋል። መጀመሪያ ጮማውን ጠርዝ ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት፤ ቀልጦ በራሱ ስብ ይጠበሳል። ከዚያ በየጎኑ 4 ደቂቃ ያህል፤ አብሳይ ለሚወድ ትንሽ ይጨመር። አሥር ጊዜ አታገላብጡት። ሲወጣ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሳህን ላይ ይቀራል።

በርበሬውስ? እሱ ከዳጣው ነው! ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ከጨው ጋር ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ከጎን ይቀርባል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከሥጋው ቀድመው ስለሚያርሩና ስለሚመሩ መጥበሻ ውስጥ አይገቡም። በትኩሱ ከቆጮ ጋር ነው የሚበላው፤ የበግ ስብ ከቀዘቀዘ ላንቃ ላይ ይረጋል።

ወዳጄስ? ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል። አማቱ ቤት ሲሄድ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ወደ እሳቱ አያስጠጉትም!