አንድ የሽልማት ሌሊትና የአንድ ተመልካች ትዝብት

የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ ሐያሲም አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ያገለገልሁ፣ በትርፍ ጊዜዬም ትያትርና ፊልም ማየት የምወድ ሰው ነኝ። ስለሆነም ከዚህ በታች የማቀርበው የባለሙያ ፍርድ ሳይሆን የአንድ ተመልካች ትዝብት መሆኑን አንባብያን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ ተመልካችም የሚወደውና የሚጠላው አለው፤ የወደደበትንና የጠላበትን ምክንያት መርምሮ መናገርም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጄ ቀሰቀሰችኝ። «አባዬ፣ ሊጀመር ነው፤ ተነሣ» አለችኝ። በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዶልቢ በተባለው ትያትር ቤት የሚካሄደው 92ኛው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሊተላለፍ ነበር። በዚያ አገር ገና የእሑድ ምሽት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰኞ ሊነጋ ተቃርቧል። ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ልጄ ያፈላችውን ቡና ይዘን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን።

ይህ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1929 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በአንድ ሆቴል በተደረገ የግብዣ ምሽት ላይ ነበር፤ ዕደላውም 15 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደ ፈጀ ይነገራል። በ1953 በቴሌቪዥን መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ግን የሙያ ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሚሊዮኖች ትርዒት ሆኗል። እኔ ያየሁት በ24 ዘርፎች ሽልማት የታደለበትና ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ የፈጀ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ በምን እንደ ዋለ ልብ ብሎ መመልከት ነው እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ።

ከጠላሁት ልጀምር። በዋዜማው ዝግጅት፣ ቀይ ምንጣፍ በተነጠፈበት ደጃፍ ላይ፣ ጥበበኞች ስለ ሥራቸው ከመጠየቃቸው ይልቅ ስለ ልብሳቸው የሚጠየቁት ይበዛል። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ገጸ ባሕርይ ነፍስ ውስጥ የኖረ ተዋናይ፣ ስለዚያች ነፍስ ሳይናገር ስለ ካፖርቱ ተናግሮ ያልፋል። ነገር ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። የዚያን ዕለት ተዋናይት ናታሊ ፖርትማን የደረበችው ጥቁር ካባ ጥለቱ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ነበር፤ ጥልፉም ለዳይሬክተርነት ሽልማት ሳይታጩ የቀሩ ሴት የፊልም ዳይሬክተሮች ስም ነው። በዚያ ዘርፍ የታጩት አምስቱም ወንዶች ነበሩና፣ ካባዋ ከብዙ ንግግር ይልቅ ተናገረ። ልጄ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ጥልፉን ለማንበብ ስትጣጣር አየኋት።

የሙዚቃውም ክፍል ደስ አሰኝቶኛል። ለፊልም ከተደረሱት ሙዚቃዎች የታጩት ሲቀነጨቡ ኦርኬስትራውን የመራችው አየርላንዳዊቷ ኢመር ኑን ነበረች፤ በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ ኦርኬስትራ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሽልማቱን የወሰደችው ደግሞ «ጆከር» ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን የደረሰችው አይስላንዳዊቷ ሂልዱር ጉድናዶቲር ሆነች። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በዱላዋ፣ ሌላዋ በድርሰቷ፣ በአንድ መድረክ ላይ መታየታቸው መልካም ነገር ነው።

የሌሊቱ ታላቅ ጉዳይ ግን «ፓራሳይት» የተሰኘው የደቡብ ኮሪያ ፊልም ነበር። ፊልሙ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጠባብ ቤት የሚኖር የድሃ ቤተሰብ፣ በአንድ ባለጸጋ ቤት አንድ በአንድ እየተቀጠረ እንዴት እንደሚገባ ያሳያል። ልብ የሚነካው ነገር፣ ድሆቹ ልብሳቸውንና አነጋገራቸውን ቢለውጡም ባለጸጋው በሽታቸው የሚለያቸው መሆኑ ነው። ይህ ፊልም በዚያ ሌሊት አራት ሽልማት አገኘ፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎም ተመረጠ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያልተሠራ ፊልም ይህን ማዕርግ ሲያገኝ በ92 ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ዳይሬክተሩ ቦንግ ጁን ሆ ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር በአብዛኛው የተናገረው በራሱ ቋንቋ ነበር። በአጠገቡ የቆመች ወጣት አስተርጓሚ ቃሉን በእርጋታ ትመልሰዋለች፤ አዳራሹም በጸጥታ ይጠብቃል። ለዳይሬክተርነት ሲሸለም፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የተቀመጠውን አረጋዊ ማርቲን ስኮርሴዚን ጠቅሶ፣ በተማሪነቱ ዘመን የእርሱን አባባል በልቡ እንደ ቀረጸው ተናገረ። ሕዝቡም ብድግ ብሎ ለስኮርሴዚ አጨበጨበ። የስኮርሴዚ ፊልም በዐሥር ዘርፎች ታጭቶ በዚያ ሌሊት አንድም ሽልማት አላገኘም፤ ነገር ግን ባዶ እጁን ሄደ ለማለት ይከብደኛል። መምህር ለሆነ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት ምን አለ?

እዚህ ላይ የጠላሁትን ሁለት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ፣ ምርጥ የተባለው የዚህ ፊልም ተዋንያን አንዳቸውም ለትወና ሽልማት አልታጩም፤ ትወናው ሳይደነቅ ፊልሙ ምርጥ የሚሆንበት ምሥጢር አልገባኝም። በትወና ከታጩት 20 ሰዎች መካከልም ጥቁር ተዋናይ ሲንቲያ ኤሪቮ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው፣ «የውጭ አገር ቋንቋ ፊልም» ይባል የነበረው ዘርፍ በዚያ ዓመት «ዓለም አቀፍ ፊልም» ተብሎ ስሙ ሲለወጥ ደንቡ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው የጄነቪቭ ናጂ ፊልም «ላየንሃርት» አብዛኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ በ2019 ከውድድሩ ተሰርዟል። እንግሊዝኛ ግን የናይጄሪያ የሥራ ቋንቋ ነው። ቅኝ ገዥ ያወረሰው ቋንቋ ለባለቤቱ ሲሆን በር ይከፍታል፤ ለወራሹ ሲሆን በር ይዘጋል ማለት ነው።

በራስ ቋንቋ ስለ መሥራት ሲነሣ የእኛው ኃይሌ ገሪማ ትዝ ይለኛል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1976፣ «ጤዛ»ን በ2008 ለዓለም ያቀረበው፣ ገበሬውንና ምሁሩን በአማርኛ እያናገረ ነው። በ2021 የዚሁ የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ሲሰጠው፣ ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 45 ዓመት አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ሌሊት መካከል ላይ ኤሚኔም የተባለው ዘፋኝ ድንገት መጥቶ፣ ከ17 ዓመት በፊት ኦስካር ያገኘበትን ዘፈን ዘፈነ። ያን ጊዜ ሽልማቱን ሊቀበል አልመጣም ነበርና የዘገየ ምስጋና መሆኑ ነው። ዘፈኑን አልጠላሁትም። መጨረሻ ላይ ግን ተዋናይት ጄን ፎንዳ የምርጡን ፊልም ስም ጠራች፤ የኮሪያ ሰዎች መድረኩን ሞሉት፤ አንዲት ፕሮዲውሰር ተናግራ ስትጨርስ የመድረኩ መብራት ቀስ በቀስ ደበዘዘ። ሰዓት አልቋል ማለት ነው። ለአሮጌ ዘፈን የተገኘ ሰዓት፣ በ92 ጊዜ አንዴ ለደረሰ ምስጋና ታጣ።

በዚህ ጊዜ ከፊት የተቀመጡት ታዋቂ ተዋንያን፣ ቶም ሃንክስና ሻርሊዝ ቴሮን ከሌሎች ጋር ሆነው፣ መብራቱ እንዲመለስ በእጃቸው ወደ ላይ እያመለከቱ ጮኹ። መብራቱ ተመለሰ። ሚኪ ሊ የተባለችው የፊልሙ ዋና ፕሮዲውሰርም ቀርባ ምስጋናዋን አደረሰች። ልጄ አጨበጨበች። እኔ ግን ዝም አልሁ። «ምነው አባዬ፣ ደስ አላለህም?» ብትለኝ ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም።

በ1979 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ መምህር ሳለሁ የኪነት ቡድኖች ውድድር ተካሄዶ ነበር፤ የመድረኩ መሪ እኔ ነበርሁ። ከተሸላሚዎቹ አንዱ በዕድሜ የገፉ የመሰንቆ ተጫዋች ነበሩ። የምስክር ወረቀትና ጋቢ ተሰጣቸው። ወረቀቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረቡና እንደ አገራችን ወግ ምርቃት ጀመሩ። ምርቃታቸውን ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ይህ ጋቢ የእኔ ብቻ አይደለም። መሰንቆ ያስተማሩኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም አልፈዋል። ስማቸውን ላንሣላቸው።»

የአንደኛውን ስም ጠሩ፤ አገሩንና ሙያውን መተረክ ጀመሩ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። የክብር እንግዶቹ መሄጃ ደርሷል፤ ገና አራት ቡድን ይቀረኛል። የድምፅ ማጉያውን ለሚቆጣጠረው ልጅ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ዘጋው። ማንም አላዘዘኝም፤ ሐሳቡም ምልክቱም የእኔ ነበር። ሽማግሌው ድምፃቸው መጥፋቱን ወዲያው አላወቁም፤ ከንፈራቸው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ቆየ። ኋላ ገባቸው። ዘወር ብለው አዩኝና «ይቅርታ መምህር፣ አስረዘምሁባችሁ» ብለው እጅ ነሥተው ወረዱ። በአዳራሹ ውስጥ ከ300 የማናንስ ሰዎች ነበርን፤ አንድ ሰው እንኳ «ይናገሩ!» ብሎ አልጮኸም።

ይህን ለልጄ ስነግራት ነግቶ ነበር። የሽልማት መድረክ የምታዘጋጁ፣ መርሐ ግብር የምትቀርጹ የሙያ ጓደኞቼም ይህን አስቡልኝ እላለሁ፤ ሰዓት ቢያጥር ከዘፈኑ፣ ከክብር እንግዳው ንግግር፣ ከእኛም ከመድረክ መሪዎቹ ጨዋታ ይቀነስ። ተሸላሚ ሲያመሰግን ያለፉትን ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ የእነዚያ ሰዎች ስም ሌላ መዝገብ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያች ከተማ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሽማግሌውን አጠያይቄአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ወደ ገጠር ሄደዋል አሉኝ፤ በሁለተኛው ዐርፈዋል አሉኝ። የአንደኛው መምህራቸው ስም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሥሩ ለሁለት ስም የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።