ጠርዙን የማያውቅ ምጣድ፦ ከአንድ የሙቀትና የፍሰት ሲሙሌሽን ጀርባ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጉንደ ወይን፣ በእናቴ ጓዳ ያለው የሸክላ ምጣድ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። የማስተርስ ጥናቴ ከምጣዱ ሥር የሚያልፈው የጋለ ጋዝ ሙቀቱን ለሸክላው እንዴት እንደሚያቀብል በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ለዚህም የጋዙን ፍሰትና የሸክላውን መጠነ ሙቀት አጣምሮ የሚፈታውን የኦፕንፎም ሶልቨር መረጥሁ። ኦፕንፎም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ የፈቃድ ክፍያ ለማይችል ተማሪ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም ቁጥሩን ሁሉ የሚያስገባው ተጠቃሚው ራሱ ስለሆነ፣ የሚሳሳተውም እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የሚያስቅ ነው። ምጣዱን የሣልሁት በሚሊሜትር ነበር፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ማንኛውንም ርዝመት የሚያነበው በሜትር ነው። 58 ሳንቲሜትር የነበረው ምጣዴ ወርዱ 580 ሜትር ሆነ። ጉንደ ወይን የቅዳሜ ገበያተኛዋን ሁሉ ብታስቀምጥበት የሚተርፍ ምጣድ ማለት ነው። ይህን በአንድ ቀን አረምሁ።

ሁለተኛው ግን ሳምንታት ወሰደ። ስሌቱ በጀመረ በጥቂት ድግግሞሽ ውስጥ የጋዙ መጠነ ሙቀት ከፍጹም ዜሮ በታች ይወርድና ይቋረጣል። ሜሹን አጠራሁ፤ የጊዜ እርምጃውን አሳነስሁ፤ ማለዘቢያ መጠኖችን ዝቅ አደረግሁ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ምክንያቱ ከቀድሞ ልማዴ የመጣ ነበር። እፍግታው በማይለወጥ ፈሳሽ ላይ ስንሠራ የመውጫውን ግፊት ዜሮ ብለን እንጽፋለን፤ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት ብቻ ነውና። በሙቀት የሚነሣ ጋዝ ግን እፍግታውን የሚያሰላው ከፍጹም ግፊት ነው። ግፊቱ ዜሮ ከሆነ እፍግታውም ዜሮ ነው፤ በዜሮ እፍግታ ደግሞ የሚፈታ እኩልታ የለም። ምክንያቱን ባወቅሁ ጊዜ ከሶፍትዌሩ ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች አንዱን ከፍቼ የተጻፈውን ቁጥር ገለበጥሁ፤ 100,000 ፓስካል። ስሌቱ ወዲያው መሄድ ጀመረ። ያን ማታ በደስታ አልተኛሁም።

ከዚያ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር። ጋዙ ከእሳቱ እስከ ጭስ መውጫው የሚደርሰው በጥቂት ሴኮንዶች ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ ግን ከታች የተቀበለውን ሙቀት ወደ ላይኛው ገጹ ለማድረስ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ የጊዜ እርምጃ ማስኬድ ኮምፒውተሩን ለቀናት ያስራል። ስለዚህ የጋዙን ፍሰት እንደ ቋሚ ሁኔታ እየፈታሁ፣ የሸክላውን መሞቅ በጊዜው ተከተልሁ፤ በየመሐሉም በድንበራቸው ላይ መጠነ ሙቀትና የሙቀት ፍሰት እንዲለዋወጡ አደረግሁ። ውጤቱ በምጣዱ መካከል በቴርሞካፕል ከለካሁት ጋር እጅግ ተቀራረበ። የውጤቱን ምዕራፍ ጽፌ ለአማካሪዬ ላክሁ፤ እርሱም ወደደው።

ለበዓል ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ባለ ቀለሙን ሥዕል በላፕቶፕ ለእናቴ አሳየኋት። ቀዩ የሞቀው፣ ሰማያዊው የቀዘቀዘው እንደሆነ ነገርኋት። ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ጥቂት አየችውና፣ «ልጄ፣ ይኸ ያንተ ምጣድ ጠርዝ አያውቅም እንዴ? የኔማ መካከሉ ሲያር ዳሩ ገና ጥሬ ነው» አለችኝ። ይህን ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት አንድዳ ስትጋግር ቴርሞካፕሉን ከመካከል አንሥቼ ወደ ጠርዙ ወሰድሁት። እውነቷን ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠርዙን ለክቼ አላውቅም።

ስሕተቱን ያገኘሁት እዚያው ጉንደ ወይን ሳለሁ ነው። 100,000 ፓስካል የባሕር ዳርቻ ግፊት ነው። የመደበኛ ከባቢ አየር ሰንጠረዥ ለ2,500 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ደጋው የምሥራቅ ጎጃም አገርም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። አየሩ በሩብ ያህል ሲሳሳ፣ በሙቀት የሚነሣው ጋዝ ፍጥነቱ ብዙም ባይለወጥ በየሴኮንዱ የሚያልፈው መጠነ ቁስ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። እኔ የእሳቱን ጋዝ መጠነ ሙቀት አስቀድሜ ስለ ወሰንሁት፣ ያ ትርፍ ጋዝ ለምጣዱ የሌለ ሙቀት ይሸከምለት ነበር። ታዲያ መካከሉ ከልኬቱ ጋር እንዴት ተስማማ? ስሌቱን ለማቅለል ብዬ ከእሳቱ በጨረር የሚደርሰውን ሙቀት ትቼው ነበርና ነው። ጨረሩ በብዛት የሚያርፈው እሳቱን ፊት ለፊት በሚያየው በመካከሉ ላይ ነው። በዚያ ቦታ አንዱ ስሕተት የጨመረውን ሌላው አጉድሎ ተቻቻሉ፤ በጠርዙ ላይ ግን የሚያጎድለው ስላልነበረ ሐሰቱ ብቻውን ቀረ።

ለአማካሪዬ መንገር ከባድ ነበር። የመከላከያው ቀን ተቆርጦ ነበር፤ በመካከሉ ያለው ንጽጽርም ያማረ ስለ ነበር ፈታኝ ጠርዙን የሚጠይቅ አይመስለኝም ነበር። ሁለት ሌሊት አሰብሁበት። በመጨረሻ ስልክ ደውዬ ነገርሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እንግዲያው ቀኑን እናራዝማለን» አለኝ። ያን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም።

ግፊቱን ብቻ ባረምሁ ጊዜ መካከሉ ከልኬቱ በታች ወረደ፤ ውጤቱ ከቀድሞው የባሰ መሰለ። ጨረርን በየአቅጣጫው ከፋፍሎ የሚያሰላውን ሞዴል ስጨምር ግን መካከሉ ተመለሰ፤ ጠርዙም ቀዘቀዘ፤ ሥዕሉ የእናቴን ምጣድ መምሰል ጀመረ። አሁን ያልተዘጋው ሊጡ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ የእንጀራው ዐይን የሚወጣው እንፋሎቱ ሲያመልጥ ነው። በኔ ስሌት ውስጥ ግን ሊጡ ሲፈስ ምጣዱን የሚያቀዘቅዘው ገና አልገባም፤ አክንባሎውም ክፍት እንደ ሆነ ነው። ለእርሱ የሚሆነውን የድንበር ሁኔታ በዚህ ወር እየጻፍሁ ነው፤ ጠርዙን ደግሞ በአራት ቦታ እየለካሁ።