ፈጣን ተብለው የማይፈጥኑት የዳካር መኪኖች

የአፍሪካ ምድር ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ የሚያልቀው በሴኔጋል፣ ካፕ ቬር በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። የዳካር ከተማ የተሠራችው በዚሁ መሬት ላይ ስለ ሆነ በሦስት ወገን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ይከባታል። ባንኮቹ፣ ወደቡና አብዛኞቹ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዘመን የቆዩት በደቡብ ጫፍ፣ ፕላቶ በሚባለው ሰፈር ነው። በነዚህ ቤቶች የሚሠራው ሕዝብ ግን አብዛኛው የሚያድረው በዚያ አይደለም፤ ራቅ ብለው በሚገኙት በፒኪን፣ በጌጃዋይ፣ በቲያሮይና በሩፊስክ ነው። ፒኪንን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ1952 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከመሐል ከተማ የተነሡ ሰዎች እንዲሰፍሩበት የተቈረቈረ ሲሆን፣ ዛሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ ሆኗል። እንግዲህ ጧት ጧት አገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይጐርፋል፤ ማታ ደግሞ በመጣበት ይመለሳል። መንገዱ ጠባብ፣ መንገደኛው ብዙ ነው።

ይህን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ሲያመላልሱ የኖሩት «ካር ራፒድ» የሚባሉት አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ናቸው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን «ፈጣን መኪና» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ከኮሎባን ወደ ፒኪን በተሳፈርሁበት ቀን፣ ዓሣ የሞላበት ሳፋ በራሷ ላይ የተሸከመች አንዲት ሴት በእግሯ ሁለት ጊዜ ቀድማን ሄዳለች።

እንግዳ ሰው መጀመሪያ ሲያያቸው የሚገርመው ቀለማቸው ነው። ቢጫና ሰማያዊ ተቀብተው፣ በዚያ ላይ በነጭ፣ በቀይና በአረንጓዴ አበባ፣ ንስር፣ ፈረስና አንበሳ ተሥሎባቸዋል። ከፊት በኩል ትልልቅ ዐይኖች የተሣሉላቸው ብዙ ናቸው። በግንባራቸው ላይ «አልሐምዱሊላሂ» የሚለው ቃል በጉልህ ይነበባል። የሙሪድ ማኅበር ተከታይ የሆነ ባለንብረት ደግሞ የማኅበሩን መሥራች የሼኽ አሕመዱ ባምባን መልክ ያሠላል። እኒህ ሰው ፈረንሳዮች በ1895 ወደ ጋቦን አግዘዋቸው በ1902 የተመለሱ ሲሆኑ፣ በ1913 ከተነሡት አንድ ፎቶግራፍ በቀር ሌላ የሚታወቅ ፎቶግራፍ የላቸውም። ስለዚህ በከተማው ሁሉ፣ በሱቅ በርም ሆነ በመኪና ጐን፣ ያው አንድ መልክ ይደጋገማል፤ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በነጭ ሻሽ ከልለው ቆመው ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ አይደሉም። ሴኔጋል በመስተዋት ጀርባ ላይ የመሣል የቆየ ልማድ ያላት አገር ናት፤ የመኪናው ሥዕልም ከዚያ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው፤ ደማቅ ቀለም፣ ወፍራም ጥቍር መሥመር፣ ጥላ የሌለው መልክ። ከመኪናው ታች ክታብ፣ ጭራ ወይም አሮጌ የሕፃን ጫማ ተንጠልጥሎ ቢታይ ከክፉ ዐይን ለመጠበቅ ነው።

መኪኖቹ በትውልዳቸው ፈረንሳውያን ናቸው። ሬኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ ቶን የሚሸከም አፍንጫ የለሽ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ለፖስታ ቤት፣ ለፖሊስና ለነጋዴ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ከርሱ ወገን ከፍ ያለ ጭነት የሚችለው «ጎኤሌት» ተባለ፤ በ1965 ደግሞ «ሱፐር ጎኤሌት» ተተካ። ጎኤሌት የሸራ መርከብ ስም ነው፤ ታላቅ ወንድሙ «ጋሊዮን»ም እንዲሁ። የመርከብ ስም የተሰጠው መኪና በመርከብ ተጭኖ ዳካር ገባ ማለት ነው። የዚህ ዐይነት መኪና መሠራቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለ ቆመ፣ ከመካከላቸው ልጅ የሚባለው እንኳ ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ይሆነዋል። ከነርሱ ጐን «ንጃጋ ንጃይ» የሚባሉ ነጫጭ የመርሴዲስ መኪኖች ይሠራሉ፤ ስማቸው የብዙ መኪና ባለቤት ከነበረ ነጋዴ የተወሰደ ነው። 508 ዲ ይባላሉ፤ 5ቱ ክብደቱን በቶን፣ 08 ደግሞ ሰማንያ ያህል የፈረስ ጉልበቱን ያመለክታል። በዚያ ጉልበት ላይ ሠላሳ ሰውና አንድ ጣራ ሙሉ ጓዝ ሲጫንበት ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያቃስት መገመት ነው።

ፋብሪካ የሠራው መኪናና ዳካር ውስጥ የሚሄደው መኪና ግን አንድ አይደሉም። በእኛ አገር በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቦዲ ተሠርቶለት ሕዝብ የሚጭነውን አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» እንለዋለን። ዳካር ውስጥ ይህን ቃል የሚያህል ስም አላገኘሁም እንጂ ሥራው ያው ቅጥቀጣ ነው። መኪናው የመጣው ዕቃ ለመጫን ስለ ሆነ ጐኑ ድፍን ላሜራ ነበር፤ የዳካር ብረት ሠሪ ቈርጦ መስኮት ያወጣለታል። ውስጡን አግዳሚ ወንበር ይደረድርበታል። የኋላውን በር ለመሳፈሪያ ያመቻችና፣ ረዳቱ የሚንጠለጠልበት መርገጫ ይበይድለታል። ጣራው ላይ የጓዝ ማሰሪያ ይተክልለታል። ከዚያ በኋላ የባሕሩ ጨው ብረቱን ስለሚበላው በየጊዜው እየተቈረጠ ይለጠፋል፤ ላሜራ በላሜራ ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት መኪና ወለሉ፣ በሮቹና ጣራው ሦስቱም በተለያየ ጊዜ የተቀየሩ ነበሩ። ባለቤቱ ግን «አባቴ የገዛው መኪና ነው» ይላል፤ ሐሰት ነው ለማለት አልደፈርሁም።

መኪናውን ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ሞተሩ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ካርቡራተርም የለውም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ግፊት እንዲችል ሲባል ብረቱ ወፍራም ሆኖ ይሠራል፤ ዙሩም ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ረጅም፣ ብልሽቱም በጆሮና በእጅ የሚለይ ነው። ኮምፒውተር የሚያስፈልገው መኪና በፒኪን መንገድ ዳር ቢቆም ማን ይፈታዋል? ይህን አሮጌ ሞተር ግን የመካኒኩ ልጅ ጭምር ይፈታዋል።

ይኸው በጎ ጠባዩ ለጉዳት ይዳርጋል። የናፍጣው ፖምፓና መርጫው ሲያረጁ ናፍጣው በደንብ ሳይበተን ስለሚገባ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ይህ ጥቍር ጢስ ነው። የፒስተኑ ቀለበት ሲላ ደግሞ ዘይት አብሮ ይነድዳል፤ ይህ ሰማያዊ ጢስ ነው። ሌላ ዐይነት ሞተር እንዲህ ቢሆን ይቆም ነበር፤ የናፍጣው ግን እየጤሰም ይሄዳል። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጢስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ አስታውቋል። በናፍጣው ውስጥ የሚገኘው ድኝም ሌላ ጣጣ ነው። በአውሮፓ ከ2009 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ10 ክፍል እንዳይበልጥ ተወስኗል። የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር ግን 50 እንዲሆን የተስማማው ገና በ2020 ነው። ከሰሐራ የሚነፍሰው የሐርማታን ነፋስ አቧራ በዚህ ላይ ሲጨመር፣ ከሰዓት በኋላ በኮሎባን የቆመ ሰው መሐረቡን አይቶ ሳንባውን ማሰቡ አይቀርም።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። ረዳቱ፣ በነርሱ አጠራር «አፕራንቲ»፣ የእኛ ወያላ የሥጋ ዘመድ ነው። በኋላው መርገጫ ላይ ተንጠልጥሎ «ፒኪን! ፒኪን!» እያለ ይጣራል፤ መኪናው ሲነሣ ይሮጥና ይዘላል፤ ወራጅ ሲኖር በሳንቲም ላሜራውን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሾፌሩም ይቆማል። ደወል የለ፣ ገመድ የለ። ሒሳቡ ከፊት ወደ ኋላ በእጅ እየተላለፈ ይደርሰዋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ አንድ ሳንቲም ሲጐድል አላየሁም። ሞተሩ ከሾፌሩ ጐን ስለሚገኝ የፊቶቹ ተሳፋሪዎች በሙቀቱ ይቀቀላሉ፤ የኋላዎቹ ጢሱን ይጠጣሉ፤ የመካከሎቹ ደግሞ ጕልበታቸውን የሚያኖሩበት ያጣሉ። ከአጠገቤ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዓርብ ስለ ነበረ ነጭ ረጅም ቡቡ ለብሰዋል። ከኪሳቸው ጋዜጣ አውጥተው ወንበሩ ላይ ካነጠፉ በኋላ ተቀመጡ፤ ሲወርዱም አጥፈው መልሰው ከተቱት። ይህን ጋዜጣ አንብበውት ያውቁ እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሾፌሩን ግን ስለ ፍሬኑ ጠየቅሁት። «ፍሬን አለው፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል» ሲል መለሰልኝ።

አነጋገሩ ያስቃል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሾፌሩ ደመወዝተኛ አይደለም። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ማስገባት አለበት፤ ከዚያ የናፍጣው ወጪ ይነሣል፤ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላሉ። ካልሞላ አይነሣም፤ ከሞላ በኋላም ይጨምራል፤ ሌላ መኪና እንዳይቀድመው ይሽቀዳደማል፤ ሰው እጁን ባነሣበት ሁሉ ይቆማል። የፍሬን ሸራ መቀየሪያው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ሰዎች የሾፌሮቹን ጠባይ ይወቅሳሉ። እኔ ግን በዚህ ውል ከመሪው ጀርባ ማንም ቢቀመጥ ጠባዩ ያው ይሆን ነበር ባይ ነኝ። በጥር 2023 በሴኔጋል መሐል አገር ሲኪሎ በተባለ ቦታ አጠገብ ሁለት አውቶቡሶች ተጋጭተው 40 ያህል ሰው አለቀ። ካር ራፒድ አልነበሩም፤ የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ነበሩ። ሆኖም ከዚያ በኋላ መንግሥት ካወጣቸው ደንቦች መካከል በጣራ ላይ ጓዝ መጫን መከልከሉ አንዱ ነው። ብዙ ሰው ጓዜን ምን ላድርገው ብሎ ማጕረምረሙ አልቀረም።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1971 ያቋቋመው የአውቶቡስ ድርጅት ከስሮ በ1998 ፈረሰ፤ «ዴም ዲክ»፣ በወሎፍ ቋንቋ «ደርሶ መልስ»፣ የተባለው ሌላ ድርጅት ተተካ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ባንክ ርዳታ አዲስ ዘዴ ተያዘ። አሮጌ መኪናውን ለሰባሪ ያስረከበ ባለንብረት ጕርሻ ይሰጠዋል፤ ቀሪውን በብድር ሞልቶ ታታ የተባለውን፣ በቲዬስ ከተማ የሚገጣጠመውን አነስተኛ አውቶቡስ ይገዛል። ካር ራፒድ በ2018 ፈጽሞ ይጠፋል ተብሎ ነበር፤ ዓመቱ አለፈ፣ ቍጥራቸው ይመንምን እንጂ አላለቁም። በታኅሣሥ 2021 ዳካርን ከዲያምኒያጆ ጋር የሚያገናኝ ባቡር ሥራ ጀመረ። በ2024 ደግሞ ከፕላቶ አፋፍ እስከ ጌጃዋይ 18 ኪሎሜትር ያህል ለብቻው በተከለለ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መመላለስ ያዙ። በውስጣቸው ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ ጢስ የለም፤ ድምፅ የለም። ከጌጃዋይ ለሚነሣ ተማሪ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በአሸዋማው ሰፈር ለሚኖረው ግን አውቶቡሱ ደጁ ድረስ አይመጣለትም፤ ታሪፉም ካሮጌው መኪና ከፍ ያለ ነው። ካር ራፒድ እንዳይጠፋ ያደረገው ሥዕሉ አይደለም፤ ይህ ቀዳዳ ነው።

በጥቅምት 2015 በፓሪስ የሚገኘው የሰው ልጅ ሙዚየም ታድሶ ሲከፈት፣ ከዳካር የመጣ አንድ ካር ራፒድ በአዳራሹ ቆሞ ለሕዝብ ታየ። ጐብኚዎች ወንበሩ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ። የፈረንሳይ መኪና ተቀጥቅጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ አገሩ መመለሱ ያስደስታል። ዳካር ውስጥ ይህን ላጫወትሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ነገሩ ብዙም አልጣመውም። በየቀኑ ከፒኪን በዚያ መኪና የሚመላለስ፣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ልጅ ነው። «እዚያ ሲቆም አይጤስም» አለኝ። እኔም በበኩሌ መኪናዎቹን ወድጃቸዋለሁ፤ ታናሽ እኅቴ ግን በየቀኑ ብትሳፈርባቸው አልወድም። እንዲያም ሆኖ መስኮቱን ዘግቶ በራሱ አውቶሞቢል የሚሄድ ሰው ስለ ጢሱ ብቻ ሲናገር ስሰማ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በምን ሊመጡ ነው ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

በታታዎቹ ውስጥ ትኬት የሚቈርጠው ሰው ከኋላ በኩል በፍርግርግ ብረት በተከለለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። አይንጠለጠልም፣ አይጣራም፣ አይሮጥም። መንጠልጠል ስለ ቀረ ሴቶችም በዚህ ሥራ ገብተዋል፤ በሄድሁበት አውቶቡስ ላይ ትኬት የሰጠችኝ አንዲት ወጣት ነበረች፤ መልሴንም ቈጥራ በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበለችኝ። በመስኮቱ በኩል ሳይ አንድ ቢጫና ሰማያዊ መኪና ከጐናችን ደረሰ። አፕራንቲው በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ የእኛን ተሳፋሪዎች «ቦታ አለ፣ ኑ!» እያለ ይጠራ ነበር፤ ሁለት ሰዎችም ወርደው ሄዱለት።