ከባሕር ጠለል በላይ

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን ከማየቱ በፊት ባሕር ዛፍን ያያል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ የእንጦጦን ተራራ ካለበሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን ዛሬም የመጣበትን ይመሰክራል። የተራራችንን ቁመት ስንናገርም «ከባሕር ጠለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» እንላለን። ባሕሩ ከእጃችን ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም ከፍታችንን የምንለካው ከእርሱ ተነሥተን ነው።

ከተራራ ራስ ላይ ሆኖ ስለ ባሕር መነጋገርም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑ ጣልያን ምጽዋን ከያዘ አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ተቃርቦ ነበር፤ የውጫሌ ውልም ከተፈረመ ስድስት ወር ሆኖታል። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ ካነሡ ወዲህ ከምክር ቤት እስከ ቡና ቤት ስለ ባሕር የማይናገር የለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የአንካራው መግለጫ ወጣ። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ባሕር ማለት ወደብ ነው፤ ወደብ ማለትም ኮንቴይነር ነው። ለመሆኑ ከተናጋሪዎቹ መካከል ውኃው ውስጥ የገባ ስንቱ ይሆን? እኔ ከአንድ ወዳጄ ጋር የመግባት ዕድል ገጥሞኛል። ጉዞው የሽርሽር ነበር፤ ያተረፈልኝ ሐሳብ ግን የሽርሽር አይደለምና ለአንባብያን ላካፍል።

ወዳጄ የባሕረኛ ልጅ ነው። አባቱ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የበታች ሹም ሆነው ሲያገለግሉ እርሱም እዚያው ተወለደ፤ ከተማዪቱ ከመያዟ ከአንድ ዓመት በፊት እናቱ ይዘውት ወደ አዲስ አበባ መጡ። አባትየው በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሸሹት መርከቦች በአንደኛው ላይ ነበሩ። እነዚያ መርከቦች በ1989 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ በጨረታ ሲሸጡ እርሳቸው እዚህ የካ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነው ያድሩ ነበር። ለልጃቸው የሚነግሩት ተረት የጅብና የቀበሮ ሳይሆን የዳህላክ ነበር፤ መልሕቅ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ከላይ ሆኖ ስለሚታይበት ጥሩ ውኃ፣ ከመቶ ስለሚበልጡት ደሴቶች፣ ከጥንት ጀምሮ ዕንቁ ይለቀምባቸው ስለነበሩት ዳርቻዎች። ሲያርፉ በኑዛዜያቸው መሠረት በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን በመርከብ የጀመሩት ሰው ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብለው አረፉ።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አስመራ ሲያርፍ ሁለታችንም በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። ዳህላክ ወርደን እንጠልቃለን ብለንም ተማማልን። ዛሬ ነገ ስንል ወረርሽኙ መጣ፤ ከወረርሽኙ ጋር ጦርነቱ መጣ፤ በመጨረሻም ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራ ተቋረጠ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ወዳጄ «ባሕር ባሕር ነው» አለና ዛንዚባር ሄድን። ምጽዋ ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ቢለካ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛንዚባር ደግሞ 1,700 ያህል። ቅርቡ ስለራቀን ሩቁን አቀረብነው።

ከዛንዚባር ሰሜን ምሥራቅ፣ ከማተምዌ መንደር ፊት ለፊት፣ ምነምባ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋን የኮራል አለት ከቧታል፤ ለስኩባ ጠላቂዎች የታወቀች ናት። ያሠለጠነን ወጣት የማተምዌ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ትምህርቱ አጭር ነበር። እስትንፋስን ፈጽሞ አለመያዝ፤ ጆሮ ሲጫን አፍንጫን ይዞ ማስተንፈስ፤ ሲወጡ ቀስ ማለት፤ ምንም ነገር አለመንካት። ዐሥር ሜትር ሲወረድ በሰውነት ላይ የሚያርፈው ግፊት ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ዓሦቹ ግን ይህን ሁሉ ጭንቀታችንን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ በቢጫና በሰማያዊ ጥለት እንደተሸለመ የበዓል ሰልፍ በፊታችን ያልፋሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ በአንድ እርግጫ የሚሰበረው ተመልሶ እስኪያድግ ዓመታት ይወስድበታል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው እንግዳ እንጂ ጌታ እንዳልሆነ ለማወቅ ስብከት አያስፈልገውም።

ጀልባው ላይ ስንመለስ አሠልጣኙ «እናንተ አገር ባሕር አለ?» ሲል ጠየቀን። ብዙዎቻችን ብንጠየቅ «ነበረን» የምንል ይመስለኛል። ወዳጄ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ «ጎረቤቶቻችን ዘንድ አለ» አለው። ልጁ ለመልሱ ብዙም ትኩረት ሳይሰጥ ሞተሩን አስነሣ፤ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ማታ በስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ስንዘዋወር ቤቶቹ የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ መሆኑን ነገሩን። ወዳጄ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ቆመ።

«የምጽዋም ቤቶች ከዚሁ ድንጋይ ነው የተሠሩት» አለኝ። «አባዬ ዳህላክን ሲያወራልኝ ሊነጋ ይደርሳል። ስለ ምጽዋ ቤቶች ስጠይቀው ግን ተነሥቶ ሬዲዮ ይከፍታል።»

ለምን ሬዲዮ እንደሚከፍቱ ሁለታችንም እናውቃለን። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ የደርግ የጦር አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ደበደቡ፤ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ አሮጌዎቹ የኮራል ቤቶች ፈረሱ። አውሮፕላኖቹ የኛ ነበሩ። «ባሕራችንን አጣን» ስንል የዚያች ከተማ ሰው ደግሞ ከሰማይ የወረደበትን ያስባል። ከእኛም ወገን ልጆቻቸውን በምጽዋ መሬት ላይ ያስቀሩ፣ አጽም እንኳን ያላገኙ እናቶች አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በላዩ ላይ ተጨመረ። ይህን ሁሉ ዘልሎ ስለ ወደብ ብቻ የሚነጋገር ሰው ግማሹን ታሪክ ሬዲዮ ከፍቶበታል ማለት ነው።

ዛንዚባርም ገነት አይደለችም። ከታንጋኒካ ጋር በ1956 ዓ.ም. ከተዋሐደች ወዲህ የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ ምክር ቤት ይኑራት እንጂ የውሕደቱ ጭቅጭቅ ምርጫ በመጣ ቁጥር ያገረሻል፤ ደምም ፈስሶበታል። ሆኖም የዳሬሰላም ጀልባ በየዕለቱ ይመላለሳል። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ አማቱን ሊጠይቅ የሚሄደው፣ ሁሉም ትኬቱን ቆርጦ ይሻገራል። ፖለቲከኞቹ ሲኳረፉ አማቾች አይኳረፉም። እኛና ኤርትራውያን ግን ሁለቱ መንግሥታት በተኳረፉ ቁጥር በአየርም በየብስም ተዘግቶብን ስልክ እንኳን ብርቅ የሆነብንን ዓመታት እናስታውሳለን።

በሁለተኛው ቀን ጥልቀታችንን ስንጨርስ አሠልጣኙ ሰዓቱን አይቶ «አሥራ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ» አለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠላቂ በግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ሳይቆይ ወደ ከፍታ ከወጣ የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይፈጥርና ሊያሽመደምደው ይችላል። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ የሚኖረው አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ቦሌ 2,300 ሜትርን ያልፋል፤ እንጦጦ ማርያም ከሁለቱም ትበልጣለች። ወዳጄ እንደደረስን በቀጥታ ወደ አባቱ መቃብር ሊወጣ አስቦ ነበር። ሰዓቱን በማተምዌ ዳርቻ ቁጭ ብለን አሳለፍነው፤ ማዕበሉ ሲሸሽ የባሕር አረም ሊሰበስቡ የሚወጡ ሴቶችን እያየን፣ ከአሠልጣኛችን እናት እጅ ሩዝና ዓሣ እየበላን።

እዚያ ተቀምጬ የምጽዋን መንገድ አሰብሁ። ከምጽዋ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ዳህላክ ላይ የጠለቀ ደገኛ፣ አስመሬም ይሁን አዲስ አበቤ፣ በዚያው ዕለት ወደ ደጋው መመለስ አይገባውም። ከባሕሩ ሰዎች ጋር ማደር አለበት። ቤታቸው ካላስጠጉት፣ ውኃ ካላጠጡት፣ ደኅና እደር ካላሉት መጥለቁ ራሱ አይሆንለትም።

የባሕር በር ጥያቄ አግባብ የለውም እያልሁ አይደለም። ከመቶ ሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከዘጠና ከመቶ በላይ ንግዷን በአንድ የጅቡቲ መሥመር ስታሳልፍ መጨነቋ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 125 ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ ግን በሚመለከታቸው አገሮች ስምምነት እንደሚወሰን በዚያው አንቀጽ ሰፍሯል። ሕጉም የሚለው ጎረቤትህን ጠይቅ ነው። ጎረቤት ደግሞ የሚጠየቀው ሲተዋወቁ፣ ሲጠያየቁ፣ ለቅሶ ሲደራረሱ ነው እንጂ በመፈክር አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ትሑት ነው። ከወደቡ ድርድር በፊት በረራው፣ ስልኩና የየብሱ መንገድ ይቅደሙ፤ መሪዎች በተቀያየሙ ቁጥር የማይዘጉበት ውልም ይበጅላቸው። ምጽዋ ላይ ዘመድ የቀበረ ሄዶ ያልቅስ፤ ከምጽዋም ቤቱ የፈረሰበት መጥቶ ይውቀሰን። ወዳጄም የአባቱን ደሴት በሕጋዊ ፈቃድ፣ በአንድ ዳህላካዊ አሠልጣኝ መሪነት ወርዶ ይያት። ለእኛ ትውልድ ካልሆነ ለልጆቻችን ይድረስ።

ቸር ይግጠመን።