ማይሉ ይቆጠር፣ እግሩም ይፍታታ፦ ልጅ ጥየቃ ወደ ዋሽንግተን ለሚጓዙ ወላጆች

ዛሬ ልጁ ውጭ አገር የማይኖር ቤተሰብ ማግኘት እያስቸገረ ነው። አንዷ እናት ልጇን ልታርስ ትሄዳለች፤ አንዱ አባት የልጅ ልጁን ክርስትና ለማየት ይነሳል። ብዙዎቹ የሚያመሩት ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ወዳሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ነው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ ተመላልሻለሁ። በእነዚህ ጉዞዎች ሁለት ነገሮች በከንቱ ሲባክኑ አያለሁ። አንደኛው በረራው የሚያስገኘው ማይል ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው ደግሞ የወላጁ ጊዜ ነው፤ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ ስድስት ወር ሙሉ በመስኮት ሲያይ የሚከርም ወላጅ ብዙ ነው። ስለ ሁለቱም የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ማይል የማን ነው?

ማይል አየር መንገድ ለደንበኛው የሚቆጥርለት ነጥብ ነው። ሲጠራቀም ትኬት ይገዛል፣ ወይም መቀመጫን ወደ ተሻለ ክፍል ያሳድጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም «ሼባ ማይልስ» ይባላል፤ አባል ለመሆን ገንዘብ አይከፈልም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው ርቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ7,000 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር ከ11,000 በላይ ስለሆነ፣ ይህን ያህል መንገድ ሄዶ ሳይመዘገቡ መቅረት ያስቆጫል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ማይሉ የተጓዡ እንጂ የከፋዩ አለመሆኑ ነው። ልጅ ለእናቱ ትኬት ቢገዛ ማይሉ በእናቱ ስም ይቆጠራል እንጂ ወደ ልጁ ሒሳብ አይሄድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ የራሱ የአባልነት ቁጥር ያስፈልገዋል። አባትና እናት አብረው ቢበሩ ሁለት ቁጥር ይኑራቸው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ፈረንጅ ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። በዚህ ላይ አንዱን ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት አድርገን እንጽፋለን። አባልነቱ ሲሞላ፣ ትኬቱም ሲቆረጥ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። በአንድ ፊደል ልዩነት ማይል ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል፤ የትኬቱ ስም ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ደግሞ ጉዞው ራሱ ይደናቀፋል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ትኬት እኩል ማይል አያስገኝም። እያንዳንዱ ትኬት የዋጋ ክፍሉን የሚያመለክት ፊደል አለው፤ በጣም የረከሰው ትኬት ከበረሩት ርቀት ጥቂቱን ብቻ ሊያስቆጥር ይችላል። ትኬት ሲቆረጥ «ይህ ስንት ማይል ያስይዛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለማይል ሲባል ግን ውድ ትኬት አይገዛም፤ ልዩነቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

አራተኛ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የስታር አልያንስ አባል ነው። ዩናይትድ፣ ሉፍታንዛና ተርኪሽም በዚሁ ኅብረት ውስጥ አሉ። በእነዚህ ሲበሩ የሼባ ማይልስ ቁጥርዎን ቢሰጡ፣ የዋጋ ክፍሉ ከፈቀደ፣ ማይሉ እዚያው ይገባል። አንዱን በረራ ግን በሁለት ፕሮግራም ማስቆጠር አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ይምረጡና ሁልጊዜ እሱን ይጠቀሙ፤ እዚህም እዚያም የተበተነ ማይል የትም አያደርስም።

አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የዩናይትድ አባል ናቸው። የዩናይትድ ማይል በጊዜ ብዛት አይቃጠልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ እስከ አምስት ሰው ማይሉን በአንድ ቋት ማጠራቀም ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህም ይሠራል። ልጅ በራሱ ማይል ለእናቱ ትኬት ማውጣትም ይችላል።

በማይል የተገኘ ትኬት ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ ግብርና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ አለው። የብዙ ፕሮግራሞች ማይል ማብቂያ ቀን ስላለው ሒሳብዎ ላይ የተጻፈውን ቀን እየተከታተሉ ይያዙ። የመሳፈሪያ ወረቀቱንም ማይሉ መግባቱን እስኪያዩ ድረስ አይጣሉ። ካልገባ በዚያ ወረቀት ነው የሚጠየቀው፤ ለመጠየቅም የጊዜ ገደብ አለ።

ሰዓቱን እንዴት እናንብብ?

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ00:00 እስከ 23:59 ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ እንደገና 12 ይቀንሱ። 08:00 ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 22:15 ደግሞ ምሽት 4:15 ነው። ከ06:00 በፊት ላለው ሰዓት ግን 6 ይጨምሩ፤ 03:00 ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል።

አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለትኬቱ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተለውጧል። ትኬቱ «ጁላይ 10፣ 00:30» ካለ ቦሌ መድረስ ያለብን ጁላይ 9 ምሽት ላይ ነው። ጁላይ 10 ማታ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን አልፎታል። ለወላጅ ትኬት የምትልኩ ልጆች፣ ቀኑንና ሰዓቱን በአማርኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ።

በአውሮፕላን ውስጥ

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ጓዝ ጭኖ ለመነሳት ይከብደዋል። በዚህ የተነሳ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ጎማው መሬት ሲነካ «ደረስን» ብለው ሻንጣቸውን የሚያወርዱ እናቶችን አይቻለሁ። ውረዱ ካልተባለ ቁጭ ይበሉ። ሲመለሱ ግን የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በመሆኑ ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት ያህል ይበራሉ።

ይህን ያህል ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ከአራት ሰዓት የሚበልጥ ማንኛውም በረራ አደጋውን ይጨምራል። በተቻለ መጠን በመተላለፊያው በኩል ያለ መቀመጫ ይጠይቁ፤ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። በተቀመጡበትም ተረከዝዎን መሬት አስደግፈው የእግር ጣቶችዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ሽንት ቤት መመላለስን ፈርተው ውኃ አይተዉ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ወይም የካንሰር ሕመም ያለበት ሰው ከመጓዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ድንገት የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ቢመጣ፣ ከበረራው ቀናት ወይም ሳምንታት ቢያልፉም «የመንገድ ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍም። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ይያዝ። ኢንሱሊን የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የስኳር ሕመምተኛ የመርፌ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያሸጋግር ከመነሳቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይጨርስ።

ደለስ ሲደርሱ

ዊልቸር ለሚያስፈልገው ሰው አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ትኬት ሲቆረጥ ቀድሞ ይጠየቃል። ጉልበቱ ለሚያመው ወይም ቋንቋው ለሚከብደው ትልቅ እፎይታ ነው። በደለስ ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ ክፍል በሚያክል ረጅም ተሽከርካሪ ተጭኖ ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ሌላ ጉዞ የተጀመረ መስሎዎት አይደንግጡ።

ጓዝ ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ የተቆላ ቡና ቢኖር አያስጨንቅም፤ ምግብ መያዝዎን ግን ይናገሩ። ቋንጣና ሌላ ሥጋ አይያዙ፤ ይወሰዳል። ምግብ ይዞ አልያዝኩም ማለት ቅጣት ያስከትላል።

ከሁሉም በላይ የቆይታ ፈቃዱን ይመልከቱ። ቪዛው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ወደ አገሩ መግቢያ በር የመቅረቢያ ጊዜ ነው። መቆየት የሚቻለው መኮንኑ እስከ ፈቀደው ቀን ብቻ ነው፤ ለጎብኚ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ነው። ቀኑን ልጆች ከመንግሥት ድረ ገጽ አውጥተው ያሳዩ። ያን ቀን ያሳለፈ ሰው የሚቀጥለውን ቪዛ ያጣል፤ የልጅ ልጁንም እንደገና የሚያየው በስልክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከቤት መውጣት

ልጆች ጠዋት ሥራ ይወጣሉ። አያት ሕፃኑን ይዛ ወይም ብቻዋን ትቀራለች። እዚህ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ዕድር ስትመላለስ የነበረች ሴት እዚያ ደጅ መውጣት ትፈራለች። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ካየሁት ልናገር፤ ከእንቅስቃሴ የተለየ አረጋዊ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይታወካል፣ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ሆድ ይብሰዋል። ልጆች «አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚሉት በፍቅር ነው። ዕረፍቱ ግን ሲበዛ ያሳምማል።

ከተማዋ ለእግረኛ ደግ ናት። ሜትሮ የሚባለው ባቡር መስመሮቹ በቀለም ተለይተዋል፤ እንግሊዝኛ ባያነቡም ቀለሙንና የመጨረሻውን ጣቢያ ስም መያዝ ይበቃል። ብርማው መስመር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይሄዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ በብርማው ሜትሮ ሴንተር ድረስ ሄደው ግሌንሞንት የሚል ቀይ ባቡር ይይዛሉ። ከሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ጋር ግን አይሞክሩት፤ የመጡ ዕለት ልጆች በመኪና ይቀበሉ።

መሳፈሪያው «ስማርትሪፕ» የሚባል ካርድ ነው። ሲገቡም ሲወጡም ያስነካሉ፤ ካርዱም ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው የአረጋውያን ካርድ ማውጣት ይችላል፤ በባቡር ከከፍተኛው ሰዓት ዋጋ ግማሹን ይከፍላል። ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ከልጅዎ ጋር ሄደው ያውጡ። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። በተንቀሳቃሹ ደረጃ በቀኝ ይቁሙ፤ የሚያዞርዎት ከሆነ በየጣቢያው አሳንሰር አለ።

አውቶቡስ ይበልጥ ይቀላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ «ራይድ ኦን» አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ነው። አሌክሳንድሪያ ለሚከርሙ ደግሞ «ዳሽ» የሚባለው አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ አይከፈልበትም። ወደ ሱቅ፣ ወደ መናፈሻ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄጃ የሚሆነውን አንድ መስመር ብቻ በመጀመሪያው ሳምንት ከልጅዎ ጋር ሁለት ጊዜ ይሂዱበት። ሦስተኛውን ልጅዎ ከኋላ ሆኖ ይከተልዎ። አራተኛውን ብቻዎን ይሄዱታል።

የልጅ ልጅ ይዞ ለመዋልም ቦታ ሞልቷል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በዋሽንግተን መግቢያ አያስከፍሉም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዝሆንና የዳይኖሰር አጽም ያሳያል፤ አያትም ልጅም እኩል አፍ ከፍተው የሚያዩት ነው።

ኪስ ውስጥ የምትያዝ ወረቀት

ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም። በአንድ ጠንካራ ወረቀት ላይ ስምዎን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የሁለት ሰዎች ስልክ፣ ያለብዎትን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። በኋላው በኩል የባቡሩን ቀለምና የሚወርዱበትን ጣቢያ በአማርኛ ይጻፉ።

ችግር ቢደርስ 911 ይደውሉና «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይገባቸዋል። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል፤ አማርኛ ብዙ ጊዜ ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስም ከመነሳት በፊት ይገዛ። እዚያ ያለ ኢንሹራንስ የአንድ ሌሊት ሆስፒታል ሒሳብ የትኬቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፋል፤ ሸክሙም በልጅ ላይ ይወድቃል።

ልጆች ሆይ፣ ለእናትና ለአባታችሁ ትኬት ስትቆርጡ የአባልነት ቁጥሩንም፣ ካርዱንም፣ ወረቀቱንም አብራችሁ አዘጋጁ። ወላጆችም መንገድ ለመጠየቅ አትፈሩ። በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ አውቶቡስ ስትጠብቁ አጠገባችሁ የቆመው ሰው «እማማ፣ ወዴት ነው?» ብሎ በአማርኛ ሊመልስላችሁ ይችላል።